በገመድ አልባ የሴንሰር ኔትወርክ መረጃ ለመሰብሰብ ኔትወርክ ኮዲንግ የሚያዋጣው መቼ ነው? የአማራጮች ንጽጽር

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል በሚገኝ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የውሃ ታንከሮችን ከፍታ፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅና የየፎቁን የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚለኩ 22 ኖዶች (ሴንሰርና ሬዲዮ ያላቸው ትንንሽ መሣሪያዎች) ተክለን መረጃውን ወደ አንድ ጣቢያ ለማምጣት በተነሳን ጊዜ፣ ከባልደረቦቼ ጋር ለሳምንታት ያከራከረን ጥያቄ አንድ ነበር፤ ፓኬቶቹን፣ ማለትም የመረጃ ጥቅሎቹን፣ እንዳሉ ከኖድ ወደ ኖድ ማቀባበል ይሻላል ወይስ በየመንገዱ እየቀየጡ በኔትወርክ ኮዲንግ መላክ? ይህ መመሪያ በዚያ ሥራ ካየነውና ከሚታወቀው ንድፈ ሐሳብ ተነስቶ አማራጮቹን ያነጻጽራል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መረጃው የሚሄደው ወደ አንድ ጣቢያ ብቻ ከሆነ ኔትወርክ ኮዲንግ መንገዱን አያሰፋም፤ የሚሰጠው ጥቅም የትኛው ፓኬት እንደጠፋ ሳይታወቅ ጉድለቱን መሙላት መቻሉ ነው። ስለዚህ መራጩ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፣ የጠፋውን ማወቅ በእኔ ኔትወርክ ላይ ምን ያህል ያስወጣኛል ብሎ ነው።

ሐሳቡና ወሰኑ

አልስዌደ፣ ካይ፣ ሊ እና ዩንግ በ2000 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ባሳተሙት ጥናት፣ አቀባባይ ኖዶች የተቀበሉትን ከማስተላለፍ አልፈው በመረጃው ላይ ስሌት ቢሠሩ፣ አንድ ላኪ ለብዙ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ሊያደርስ የሚችለው የመረጃ መጠን በተራ ማስተላለፍ ከሚገኘው ሊበልጥ እንደሚችል አሳዩ። አሠራሩን በትንሽ ቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ አቀባባይ ኖድ 7 እና 5 የሚሉ ሁለት ንባቦች ደርሰውታል እንበል። ሁለቱን ለየብቻ በመላክ ፈንታ ድምራቸውን 12ን፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው እጥፍ ጋር ደምሮ 17ን፣ ከዚያም የመጀመሪያውን እጥፍ ከሁለተኛው ጋር ደምሮ 19ን ይልካል። ከሦስቱ የትኞቹም ሁለቱ ቢደርሱ ተቀባዩ ሁለት እኩልታዎችን ፈትቶ 7ንና 5ን ያወጣል፤ መንገድ ላይ የቀረው የትኛው እንደሆነ ላኪው ማወቅ አያስፈልገውም። በተግባር ድምሩና ብዜቱ የሚሠሩት ውጤታቸው ከአንድ ባይት በማያልፍ ውስን የቁጥር መስክ ውስጥ ነው፤ አባዢዎቹም (በምሳሌው 1 እና 2 የነበሩት) በዘፈቀደ ይመረጣሉ። ከዚህ በታች እንደመጣ የሚላከውን «ጥሬ»፣ በስሌት የተዋሃደውን «ቅይጥ»፣ አብረው የሚቀየጡትንም ፓኬቶች «ምድብ» እላለሁ።

ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፈው ነገር ያ የ2000 ውጤት የሚመለከተው አንድን መልእክት ለብዙዎች ማድረስን መሆኑ ነው። የሴንሰር መረጃ መሰብሰብ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙዎች ይልካሉ፣ አንድ ይቀበላል። የሚጠፋ ፓኬት በሌለበት፣ ከብዙ ምንጮች ወደ አንድ ጣቢያ የሚፈሰውን መረጃ በተራ ማስተላለፍ እስከ ኔትወርኩ አቅም ጥግ ድረስ ማድረስ ይቻላል፤ ኮዲንግ በዚያ ላይ የሚጨምረው አንዳች የለም። ጥቅሙ የሚጀምረው ሬዲዮው ፓኬት ሲጥል ነው። ከአንድ በላይ መሰብሰቢያ ጣቢያ ያለው፣ ሁሉም ጣቢያ ሁሉንም መረጃ የሚፈልግ ኔትወርክ የተለየ ጉዳይ ነው፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያው ውጤት በቀጥታ ይሠራል።

አስቀድሞ መለካት ያለበት

ከማንኛውም ምርጫ በፊት በእያንዳንዱ ኖድና በጎረቤቱ መካከል ከተላከው ስንቱ እንደሚደርስ በተለያየ ሰዓት መለካት ያስፈልጋል። በመሃል አዲስ አበባ ሕንፃዎች ውስጥ ዋናዎቹ ባላንጣዎች ሁለት ናቸው፤ ፌሮ የበዛበት የሶሌታ ወለልና ዋይፋይ። አይትሪፕልኢ 802.15.4 በተባለው የአነስተኛ ኃይል ሬዲዮዎች ደረጃ የሚሠሩት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮዎች ከ11 እስከ 26 የተቆጠሩ 16 ቻናሎች ያሏቸው ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 26ኛው፣ ማለትም 2480 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው፣ በብዛት ከሚያዙት የዋይፋይ ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ውጭ ስለሚወድቅ መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው እርሱ ነው። ቻናል መቀየር ብቻውን ችግሩን ከፈታው ስለ ኮዲንግ መነጋገር አያስፈልግም።

እኛ መጀመሪያ የያዝነው ሌላ ቻናል ነበር፤ አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲጠፋም የኔትወርካችን የአቀባበል ውጤት በድንገት አማረ። ነገሩ ያሳቀን ቆይቶ ነው። የየቢሮው የዋይፋይ ራውተር አብሮ ስለጠፋ አየሩ ጸድቶልን ነበር፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ራውተሮቹም ተነሱ፣ ፓኬቶቻችንም እንደገና መጥፋት ጀመሩ። ይህ አጋጣሚ የጠቆመን ጥፋቱ እየተግተለተለ የሚመጣ መሆኑን ነው፤ አንድ ፓኬት ከጠፋ የሚቀጥለውም የመጥፋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ከታች የማቀርባቸው ስሌቶች እያንዳንዱ ጥፋት ከሌላው ነጻ እንደሆነ አድርገው ስለሚገምቱ በዚህ መጠን ለጋስ ናቸው።

ዛፍና ደረሰኝ

የመጀመሪያው አማራጭ እያንዳንዱ ኖድ ወደ ጣቢያው የሚያቀርበውን ወላጅ መርጦ ፓኬቱን ለእርሱ የሚያስረክብበት፣ ወላጁም በአጭር ማረጋገጫ የሚመልስበት አሠራር ነው፤ ከልጅ ወደ ወላጅ እየተያያዘ ጣቢያው ላይ የሚገናኘው ይህ ቅርጽ ዛፍ ይባላል። ሲቲፒ የሚባለው ፕሮቶኮልና በ2012 በይፋ ደረጃ የወጣለት አርፒኤል የዚህ ወገን ናቸው። ማረጋገጫውን ደረሰኝ እለዋለሁ፤ ቃሉ ወረቀቱንም «ደረሰኝ» የሚለውን የወላጁን መልስም ስለሚይዝ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

የኮዲንግ ደጋፊዎች ደረሰኝ ውድ ነው ይላሉ። ቁጥሩ ሲታይ ግን ክርክሩ ይላላል። በሰከንድ 250 ኪሎቢት በሚልክ ሬዲዮ ላይ እስከ ጥጉ የተሞላ የ127 ባይት ፍሬም (ሬዲዮው በአንድ ጊዜ የሚልከው ጥቅል) ከመነሻ ምልክቶቹ ጋር አየር ላይ 4.3 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቆይ፣ ደረሰኙ የሚወስደው 0.35 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከመቶ ስምንት እጅ ማለት ነው። አየር ላይ በጠቅላላው 30 ባይት ብቻ የሆነ ትንሽ ፍሬም ከተላከ ግን ደረሰኙ ከፍሬሙ ጊዜ ከሲሶ በላይ ይሆናል። የታንከር ከፍታ ሁለት ባይት፣ ከሰዓቱና ከኖዱ መለያ ጋር ቢበዛ ስድስትና ስምንት ባይት ስለሆነ ብዙ ሰው የሚገባው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው። መፍትሔው ግን ኮዲንግ ሳይሆን አሥር ንባቦችን በአንድ ፍሬም አጭቆ መላክ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ ወደ ኮዲንግ መዝለል ቤቱን ሳይጠርጉ ቀለም እንደመቀባት ነው።

በዚሁ ደረጃ መሠረት ደረሰኝ ያልመጣለት ፍሬም በነባሪው ቅንብር ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ በድምሩ አራት ሙከራ ይሆናል። ከአምስት ፓኬቶች አንዱ በሚጠፋበት መስመር ላይ አራቱም ሙከራዎች የመክሸፍ ዕድላቸው ከሺህ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ሦስት መሸጋገሪያ (ከአንድ ኖድ ወደ ቀጣዩ የሚደረግ ርክክብ) ያለው መንገድም ከመቶ 99.5 ያደርሳል። ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ግን እያንዳንዱ መሸጋገሪያ ከመቶ ስድስት ያህሉን ስለሚጥል በሦስት መሸጋገሪያ ከመቶ 17 እስከ 18 እጅ መንገድ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ጥፋቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ በዛፉ ይቀጥሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መጀመሪያ አንድ አቀባባይ ኖድ መጨመር ከኮዲንግ ይረክስ እንደሆነ ይመርምሩ። ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ከጫፍ እስከ ጫፍ መቀየጥ

ሁለተኛው አማራጭ ቅየጣውን ለመነሻው ኖድ ብቻ መተው ነው፤ አቀባባዮቹ የደረሳቸውን ሳይነኩ ያሳልፋሉ። ሉቢ በ2002 ያቀረባቸውና ፏፏቴ የሚባሉት ኮዶች የዚህ ዓይነት ናቸው። ተቀባዩ በቂ ጠብታ እስኪሞላለት ድረስ ላኪው ማፍሰሱን ይቀጥላል። አባዢዎቹን በፓኬቱ ውስጥ መዘርዘር ስለማያስፈልግ፣ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫው የተነሳበትን ሁለት ባይት ብቻ መላክ ይበቃል። የአቀባባዮቹ ሶፍትዌርም አይቀየርም፤ አስቀድሞ የሚሠራ ዛፍ ላለው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጉድለቱ ጥፋቱ በየመሸጋገሪያው መደራረቡ ነው። እያንዳንዳቸው ከመቶ 80 በሚያደርሱ ሦስት መሸጋገሪያዎች ላይ፣ ደረሰኝ ከሌለ፣ ከመነሻው የሚወጣ ፓኬት ጣቢያው የመድረስ ዕድሉ 51 በመቶ ነው። ለአንድ የደረሰ ፓኬት በመንገዱ ሁሉ የሚወጣው የመላክ ብዛት ሲደመር 4.8 ይጠጋል። አቀባባዮቹ ራሳቸው እንደገና ቢቀይጡ ወይም በደረሰኝ ቢደጋግሙ ግን 3.75 በቂ ነው። ልዩነቱ በሦስት መሸጋገሪያ ያን ያህል ባያስደነግጥም በስድስትና በሰባት መሸጋገሪያ ላይ ኔትወርኩን ያንቃል። ከሁለቱ የተዳቀለው፣ ማለትም በየመሸጋገሪያው ደረሰኝ ኖሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት ቅይጥ ፓኬቶችን በመጠባበቂያነት መጨመር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያዋጣው ነው።

በየመንገዱ እንደገና መቀየጥ

ሦስተኛው፣ ኔትወርክ ኮዲንግ የሚለው ስም በእውነት የሚገባው፣ አቀባባዮቹ የደረሷቸውን ቅይጦች እንደገና በዘፈቀደ አባዢ እየቀየጡ የሚያሳልፉበት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ወጪውን በየዘርፉ ማስላት ያስፈልጋል፤ ጥናቶች በአንድ መስመር የሚያልፉት ነገር ትንንሽ ኖዶች ላይ ሲደርስ ገንዘብና ባትሪ ይሆናልና።

የመጀመሪያው የቁጥር መስኩ ስፋት ነው። አቀባባይ እንደገና ሲቀይጥ የማመንጫ ቁጥር መላክ አይበቃም፤ አባዢዎቹ ራሳቸው በፓኬቱ ውስጥ መጓዝ አለባቸው። ለመረጃና ለአባዢዎች በድምሩ 100 ባይት ቦታ አለን፣ አንድ ምድብም 16 ፓኬት ነው እንበል። 256 አባላት ያሉት መስክ ሲመረጥ አባዢዎቹ 16 ባይት ይወስዳሉ፤ በምትኩ ከ16ቱ ሌላ ትርፍ ፓኬት የሚያስፈልገው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ በአማካይ ለአንድ ፓኬት 84 ባይት መረጃ ይደርሳል። ሁለት አባላት ብቻ ባሉት መስክ፣ ማለትም በኤክስኦር (ሁለት ቢቶች ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 በሚሰጠው ስሌት) ብቻ ሲሠራ፣ አባዢዎቹ ሁለት ባይት ብቻ ቢሆኑም አንዳንዱ ቅይጥ አዲስ ነገር ስለማይነግር በአማካይ 1.6 ትርፍ ፓኬት ይጠየቃል፤ ውጤቱ 89 ባይት ነው። 16 አባላት ያሉት መካከለኛ መስክ ስምንት ባይት ወስዶ፣ ትርፉም 0.07 ብቻ ሆኖ፣ ወደ 92 ባይት ያደርሳል። ምድቡ ወደ ስምንት ሲያንስ ደግሞ መካከለኛው 95፣ ትልቁ 92፣ ኤክስኦር ከ83 በታች ይሰጣሉ። በየጥናቱ የሚደነቀው ባለ 256ቱ መስክ በሁለቱም ስሌት አንደኛ አለመውጣቱን ልብ ይሏል። የመካከለኛው የብዜት ሠንጠረዥ 256 ሕዋስ ብቻ ነው፤ የትልቁ ሙሉ ሠንጠረዥ ግን 64 ኪሎባይት ስለሚሆን በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ካልተተካ በትንሽ ኖድ ላይ አይገባም።

ሁለተኛው ማህደረ ትውስታ ነው። ቴሎስቢ የተባለው፣ በምርምር ቤቶች ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ኖድ ያለው ራም 10 ኪሎባይት ነው። አንድ ባለ 16 ምድብ 1.6 ኪሎባይት ስለሚይዝ አቀባባዩ አራት ምድቦችን በአንድ ጊዜ ካቀፈ ከግማሽ በላዩ ተበላ። ዛሬ የሚገዙ ቺፖች ሰፋ ያለ ራም ስላላቸው ይህ ጉዳይ እየቀለለ ነው። የስሌቱ ጊዜም ብዙ አያስፈራም፤ አንድ ቅይጥ ለማውጣት 1,600 ያህል የብዜትና የድምር ሥራ ይጠይቃል፣ ለአንዱ 20 የፕሮሰሰር ዑደት ብንገምት በ8 ሜጋኸርዝ 4 ሚሊሰከንድ ነው። እኩልታውን የመፍታቱ ከባድ ሸክም የሚወድቀው ከግድግዳ ሶኬት በሚሠራው ጣቢያ ላይ ስለሆነ ስለ እርሱ አልጨነቅም።

የሚያስጨንቀው ሦስተኛው ነው፤ ማድመጥ። የኮዲንግ ትርፍ በከፊል የሚመጣው ጎረቤት ኖዶች ለእነርሱ ያልተላከውንም ፓኬት ከአየር ሰምተው ስለሚቀይጡት ነው። በቴሎስቢ ላይ ያለው ሲሲ2420 ሬዲዮ ግን ሲያዳምጥ 18.8 ሚሊአምፔር፣ በሙሉ ኃይሉ ሲልክ 17.4 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ዝም ብሎ መስማት ከመናገር ይበልጣል ማለት ነው። 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት አቅም አላቸው የምንላቸው ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ሬዲዮው ሳይተኛ ቢሠራ በአምስት ቀን ተኩል ያልቃሉ፤ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢነቃ፣ ሌላውን ፍጆታ ትተን፣ አንድ ዓመት ተኩል ይዘልቃሉ። ስለዚህ ማድመጥን ነጻ አድርጎ የሚያሰላ ማንኛውም ንጽጽር በባትሪ ለሚሠራ ኔትወርክ አይሆንም። ሁሉም ኖዶች በአንድ ሰዓት ነቅተው በአንድ ሰዓት የሚተኙበት አሠራር ካለ ብቻ ማድመጡ ይረክሳል፤ በ2011 የቀረበው ግሎሲ የተባለ ፕሮቶኮል ኖዶችን አንድ ዓይነት ፓኬት በተመሳሳይ ቅጽበት እንዲልኩ በማድረግ ይህን አሳካ፣ በ2018 የመጣው ሚክሰርም ኮዲንግን በዚሁ ላይ ጨመረበት። ሰዓት የማመሳሰሉ ሥራ ግን ጠንካራ የሶፍትዌር እጅ ይጠይቃል።

አራተኛው መዘግየት ነው። ምድብ ሳይሞላ አይፈታም፤ ሞልቶ ካልሆነ እንደማይነሳ ሚኒባስ ታክሲ ነው። አንድ ኖድ በየአምስት ደቂቃው አንድ ፓኬት እየላከ ብቻውን ባለ 16 ምድብ ቢሞላ 80 ደቂቃ ይፈጃል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታንከሩ ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። ምድቡን ከ16 የተለያዩ ኖዶች በአንድ ዙር መሙላት ችግሩን ያቃልላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከ16ቱ 15 ደርሰው አንዱ ቢቀር ከ15ቱ አንዱንም ማንበብ ሊያቅት መቻሉ ነው። ለዚህ ያለው መድኃኒት ቀላል ነው። መጀመሪያ ጥሬዎቹን እንዳሉ መላክ፣ ከኋላቸው ጥቂት ቅይጦችን ለጉድለት መሙያ ማስከተል። የደረሱት ጥሬዎች ወዲያው ይነበባሉ። ኮዲንግ የሚጠቀም ሰው ሁሉ ከዚህ እንዲጀምር እመክራለሁ።

አምስተኛውን የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው። ከሶኬት የሚሠራ አንድ አቀባባይ ኖድ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደ አዲስ ይነሳ ነበር፤ እኔ ደግሞ የምድብ ቁጥሩን በማይጠፋ ማህደር ላይ ሳላስቀምጥ ቀርቻለሁ። ኖዱ ከዜሮ ጀምሮ ቆጠረ፤ የአዲሱ ምድብ 3 ፓኬቶች ገና ካልተፈታው የቀድሞ ምድብ 3 ጋር ተቀየጡ፤ በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው የምድር ቤቱን ሙቀት 212 ዲግሪ ብሎ አሳየን። የተበላሸው አንድ ንባብ ቢሆን ኖሮ በተራው ዛፍ ላይ እርሱ ብቻ ይጣል ነበር። በቅይጥ ውስጥ ግን አንድ የተበከለ ፓኬት ምድቡን በሙሉ ያበላሸዋል፤ ክፉ ሰው ሆን ብሎ ቢያስገባውም ውጤቱ ያው ነው። አቀባባዩ ይዘቱን ስለሚቀይረው መነሻው ኖድ በቅይጡ ላይ ያስቀመጠው ማኅተም አይጸናም። ስለዚህ የመፈተሻ ድምር በእያንዳንዱ ጥሬ ንባብ ውስጥ ከቅየጣው በፊት መግባት፣ የምድብ ቁጥርም በፍላሽ መቀመጥ አለበት።

ለጥቂት ሁኔታዎች ብቻ የሚመቹ

በ2006 የቀረበው ኮፕ የተባለ አሠራር ተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ፓኬቶችን በኤክስኦር አዋህዶ አንድ ጊዜ የሚልክ ነው። ለኢንተርኔት አጠቃቀም ብልሃቱ ግሩም ሲሆን፣ መረጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስበት ኔትወርክ ግን የሚቀይጠው ተቃራኒ ፓኬት አያገኝም። የሚፈለገው የየፎቁ ድምር ወይም ትልቁ ንባብ ብቻ ከሆነ ደግሞ አቀባባዮቹ መንገድ ላይ አስልተው አንድ ቁጥር ማሳለፋቸው ከማንኛውም ኮዲንግ ይበልጣል፤ ቅይጥ ፓኬት ሳይፈታ ትልቁን መምረጥ ስለማይቻል ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ አይሆንም። ኖዶቹ ያለ አቀባባይ በቀጥታ ከጣቢያው ጋር የሚገናኙበት ሎራ የተባለው የረጅም ርቀት ሬዲዮ ላይም በመንገድ የሚቀይጥ የለም፤ እዚያ የሚያገለግለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ብቻ ነው።

የእኛ ምርጫ

በመጨረሻ ሕንፃውን ለሁለት ከፈልነው። የታንከር፣ የነዳጅና የኤሌክትሪክ ንባቦች በ26ኛው ቻናል ላይ በዛፍና በደረሰኝ ይሄዳሉ፤ አሥር አሥር እየታጨቁ፣ ታንከሩ ሊፈስ ሲቃረብ ብቻ ብቻቸውን። በምድር ቤቱና በአንደኛው ፎቅ መካከል ያለው ሶሌታ ግን ከፓኬቶቹ ግማሽ ያህሉን ይውጥ ነበር፤ አቀባባይ ኖድ ደረጃው ላይ እንድንሰቅልም የሕንፃው አስተዳደር አልፈቀደም። ከዚያ ውስጥ በየሌሊቱ የሚወጣው የውሃ ፓምፑ የንዝረት ቅጂ ነው፤ ሁለት ሰከንድ፣ በሰከንድ 1,000 ናሙና፣ በጠቅላላው 4,000 ባይት። ይህ ትልቅ ነው፣ እስከ ጠዋት ሊዘገይ ይችላል፣ ካልተሟላ ደግሞ ለትንተና አይጠቅምም፤ ቅይጥ የሚፈልገው ሁሉ ተሟልቶበታል። በአራት ምድብ ከፍለን፣ ጥሬዎቹን አስቀድመን፣ ባለ 16 አባላቱን መስክ ተጠቅመን፣ ጣቢያው ለምድቡ በሙሉ አንድ ደረሰኝ እስኪልክ ድረስ ቅይጦችን እናስከትላለን። በየመንገዱ እንደገና መቀየጡን አልተጠቀምንበትም፤ መጥፎው መሸጋገሪያ አንድ ብቻ ስለሆነ ከእርሱ የሚገኝ ትርፍ አልነበረም። ሁለተኛ ክፉ መስመር ከተፈጠረ፣ ለምሳሌ የሊፍቱ ዘንግ አጠገብ ያለው አቀባባይ ከተነሳ፣ ስሌቱን እንደገና እንሠራዋለን።